ከአንድ ጣቃ

«ልጅ ከወደዱ ከነንፍጡ» ይባላል። አባባሉ በቀልድ መልክ ይነገር እንጂ ውስጡ ከባድ ነው። ፍቅር የወደደውን ሰው ከነጉድለቱ ይቀበላል፤ መጀመሪያ ታጠብ፣ ተስተካከል፣ ከዚያ እወድሃለሁ አይልም ማለቱ ነው። ታዲያ ይህንኑ ሲተርቱ የኖሩ አባትና እናት፣ በዓል ደርሶ ቤተሰቡ ባንድነት ፎቶግራፍ ሊነሣ ሲሰናዳ፣ ከሁሉ አስቀድመው የሚያደርጉት ምንድን ነው? የልጁን ንፍጥ መጥረግ! ከዚያ ጸጉር ይበጠራል፤ ፊት በቅባት ይወለወላል፤ በመጨረሻም ትልቁ ሥራ ይመጣል፤ ልብስ ይመሳሰላል።

ይህ ማመሳሰል ዛሬ ራሱን የቻለ ሙያ ለመሆን ምንም አልቀረው። ለእንቁጣጣሽ፣ ለገና፣ ለጥምቀት፣ ለልደት የሚነሡ ቤተሰቦች ቀደም ብለው ሽሮ ሜዳ ይወጣሉ፤ ጥለት ይመርጣሉ፤ ልክ ያስወስዳሉ። በእናት ቀሚስ ላይ የወረደው ጥለት በአባት ሸሚዝ አንገትና ደረት ላይ ይደገማል። በሴቷ ልጅ ቀሚስ ጫፍ፣ በወንዱ ልጅ እጅጌ፣ ገና ባልተራመደው ሕፃን ኮፍያ ላይ ሳይቀር ያው ጥለት ይዞራል። የሀገር ልብስ የማያሰፋውም ቢሆን አንድ ዓይነት ካኒቴራና ጂንስ ገዝቶ ልጆቹን በቁመት ይደረድራል። ፎቶግራፉ ሲወጣ ደስ ይላል። ደስ ማለቱን አልክድም።

የእኔ ጥያቄ የአለባበስ ጥያቄ አይደለም። የትኛው ቀለም ከየትኛው ጋር ይሄዳል የሚለውን ለሚያውቁበት እተዋለሁ። መመርመር የምፈልገው ሌላ ነው። ልጆችን ለአንዲት ቅጽበት ስንል አንድ ስናስመስላቸው ምን እያልን ነው? የምንለውስ እውነት ነው ወይስ ውሸት? ውሸት ከሆነስ የማን ውሸት ነው? መራጮቹ እኛ፣ ለባሾቹ ግን እነርሱ ናቸውና።

በመጀመሪያ አንድ ነገር እናጥራ። ልጆችን አመሳስሎ ማልበስ ከካሜራ ጋር የመጣ ወረት የሚመስላቸው አሉ። አይደለም። ፎቶግራፍ ተነሥታ በማታውቅ እናት ቤትም ልጆች ከአንድ ጣቃ ይለብሱ ነበር። ምክንያቱም ሒሳብ ነው። ጨርቅ ከነጣቃው ሲገዛ በሜትር ተቆርጦ ከሚሸጠው ይረክሳል። ልብስ ሰፊው ከትልቁ ልጅ ጀምሮ ወደ ትንሹ እየወረደ ልክ ይወስዳል፤ ከትልቁ ሱሪ የተረፈው ለትንሹ ኪስ ይሆናል፤ ከዚያም የተረፈው ተቀምጦ ለከርሞ ጉልበት መጣፊያ ይውላል። ከዚህ ደግሞ ትንሹ ልጅ ብቻ የሚያውቀው ግፍ ይወለዳል። ሦስት እኅትማማቾች አንድ ዓይነት ቀሚስ ሲሰፋላቸው ትልቋ የራሷን ለብሳ ትገላገላለች። ትንሿ ግን የራሷን ስትጨርስ የመካከለኛዋን፣ የመካከለኛዋን ስትጨርስ የትልቋን ትወርሳለች። ያንኑ አበባ ያለበት ቀሚስ ዓመታት ሙሉ ስትለብስ ለሚያያት ጎረቤት እርሷ አታድግም፤ ቀሚሱ ነው የሚያድገው።

ከጨርቁ ሒሳብ ቀጥሎ የሚመጣው የፍትሕ ሒሳብ ነው። ልጆች ልቡናቸው ውስጥ ሚዛን አለ። የወንድሙ እንጀራ በጣት ስፋት ቢበልጥ ልጅ ያያል። የእኅቷ ጫማ ዘለበት ቢኖረው የእርሷ ባይኖረው፣ ያቺ ዘለበት የፍቅር መለኪያ ትሆናለች። ስለዚህ እናት ከአንድ ጣቃ ስታለብስ ፍርድ እየሰጠች ነው። «ማንንም ከማንም አላስበለጥሁም፤ ምስክሬ ጨርቁ ነው» ማለቷ ነው።

ይህን ያልተረዳ አባት ምን እንደደረሰበት ከኦሪት ዘፍጥረት የምናውቀው ነው። ያዕቆብ ከልጆቹ ሁሉ መርጦ ለዮሴፍ ብቻ ያጌጠ ቀሚስ አደረገለት። ወንድሞቹ ቀሚሱን ባዩ ጊዜ ያዩት ጨርቅ አልነበረም፤ የአባታቸውን ልብ ነበር። ዮሴፍን ወደ ጉድጓድ ከመጣላቸው በፊት በመጀመሪያ የገፈፉት ያንን ቀሚስ ነው። በፍየል ደም ነክረው ለአባታቸው የላኩትም ያንኑ ነው። የሚገርመው ደግሞ የታሪኩ ፍጻሜ ነው። ዮሴፍ በግብፅ ከበረና ወንድሞቹን ይቅር ባለ ጊዜ ለእያንዳንዳቸው መለወጫ ልብስ ሲሰጥ ለእናቱ ልጅ ለብንያም አምስት ሰጠው። በልብስ ማበላለጥ ምን እንደሚያስከትል ከዮሴፍ የበለጠ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ያም ሆኖ ደገመው። እኩል ማልበስ ከባድ የሆነው እኩል መውደድ ከባድ ስለሆነ ነው። እንግዲህ አንድ ዓይነት ልብስ የምትሰፋ እናት የምትታገለው ከዚህ የቆየ ድካም ጋር ነውና ቶሎ አንፍረድባት።

*

ካሜራው ሲመጣ ግን ጣቃው ሌላ ሥራ ተጨመረበት። ፎቶግራፍ በሀገራችን የጀመረው ከላይ፣ ከቤተ መንግሥት ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ አዲስ አበባ የመጣው አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን የንጉሡ ፎቶግራፍ አንሺ ሆነ፤ ከእርሱም በኋላ ልጆቹ ሃይጋዝና ቶርኮም ሙያውን ቀጠሉ። መኳንንቱ ካባቸውንና ለምዳቸውን ለብሰው፣ ልጆቻቸውን በግራና በቀኝ አቁመው ይነሡ ነበር። ኋላ ፎቶግራፍ ቤት በፒያሳም በየክፍለ ሀገሩ ከተማም ሲከፈት ተራው ሰው ያንን ሥርዓት ወረሰ። ካባ ባይኖረውም ፎቶግራፍ ቤቱ ግድግዳ ላይ ከምስማር የተሰቀለ ኮትና ከረባት ነበረ። አንዱ ኮት በአንድ የበዓል ዋዜማ ስንት ትከሻ ላይ ይውል ነበር! ሰፊ የሆነበት ሰው ከጀርባው በመርፌ ቁልፍ ይያዝለታል፤ ካሜራው ጀርባ አያይምና። ከኋላ የተሳለው መጋረጃ ሐይቅና ዘንባባ ያሳያል። ጠረጴዛው ላይ የፕላስቲክ አበባና ከማንም ጋር የማያገናኝ ስልክ ተቀምጧል።

ይህ ሁሉ ውሸት ነበር? በበኩሌ አይመስለኝም። ውሸት የሚታለል ሰው ይፈልጋል። ፎቶግራፉ የሚላክላት አክስት ኮቱ የፎቶግራፍ ቤቱ መሆኑን ታውቃለች፤ እርሷም ያንኑ ኮት ለብሰው የተነሡ ሦስት ዘመዶች በአልበሟ አሏት። የተላከላት ወሬ ሳይሆን ሰላምታ ነው። «በእናንተ ፊት እንዲህ ሆነን መታየት እንወዳለን፤ ለእናንተ ብለን ተሰናድተናል» የሚል አክብሮት ነው። ቤተ ክርስቲያን ለመሳለም ነጭ ነጠላ የሚለብሰውን ሰው «ዘወትር ነጭ አትለብስም፤ አታላይ ነህ» የሚለው የለም። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» የሚለውም ተረት የሚነግረን ልብስ የተሠራው ብርድ ለመከላከል ብቻ አለመሆኑን ነው። ፈረንሳዊው የማኅበረሰብ ጥናት ሊቅ ፒየር ቡርድዮ እ.ኤ.አ. በ1965 ከባልደረቦቹ ጋር ባሳተመው ጥናት ስለ ቤተሰብ ፎቶግራፍ ያመለከተው ከዚህ የራቀ አይደለም። ቤተሰብ ፎቶግራፍ የሚነሣው ታላላቅ ቀኖቹን ለማክበርና አንድነቱን ለራሱ መልሶ ለማጽናት ነው። ፎቶግራፉ ከበዓሉ ውጭ ቆሞ የሚመለከት ምስክር አይደለም፤ ከበዓሉ ሥርዓቶች አንዱ ነው።

ይሁንና በተዋሰው ኮትና በልጆቹ ልብስ መካከል ልዩነት አለ። ኮቱን የተዋሰው ሰው ለራሱ መረጠ። ልጁ ግን አልመረጠም።

ይህ ልዩነት ምን ያህል እንደሚከብድ ከአንድ ፎቶግራፍ ማየት ይቻላል። የፕራጉ ደራሲ ፍራንዝ ካፍካ የስድስት ዓመት ልጅ ሳለ ገደማ የተነሣው ሥዕል አለ። ጀርመናዊው ጸሐፊ ቫልተር ቤንያሚን እ.ኤ.አ. በ1931 ስለ ፎቶግራፍ ታሪክ ሲጽፍ ይህንን ሥዕል አንሥቶ ነበር። ልጁ ጌጡ የበዛበት፣ የሚያጣብቅ፣ ለልጅ ውርደት ሊባል የሚችል ልብስ ለብሶ በፎቶግራፍ ቤቱ ሰው ሠራሽ ዘንባባ መካከል ቆሟል። ከራሱ መጠን የሚበልጥ ሰፊ ባርኔጣ ይዟል። ልብሱም፣ ዘንባባውም፣ ባርኔጣውም የሰው ናቸው። የእርሱ የሆኑት ዓይኖቹ ብቻ ናቸው፤ እነርሱም ወሰን በሌለው ሐዘን የተሞሉ ናቸው። ያዘጋጁለት ሰዎች ክፉ አልነበሩም፤ ልጃቸው አምሮ እንዲታይ የፈለጉ ወላጆች ነበሩ። ግን እርሱ አምሮ ይታይ ወይስ እነርሱ በእርሱ አምረው ይታዩ የሚለውን ጥያቄ የመለሱት አይመስልም።

እዚህ ላይ «ልጅ ስላልመረጠ ተበደለ ካልን ስሙንስ ማን መረጠለት? ቋንቋውን፣ ሃይማኖቱን፣ ክትባቱንስ?» የሚል አንባቢ ይኖራል። ልክ ነው። አለመምረጥ ብቻውን በደል አይሆንም። ልጅነት ማለት ሌሎች የሚመርጡልን ዘመን ነው። ልዩነቱ ሌላ ቦታ ነው። ስም ያወጣንለት ልጅ ስሙን እያደገ የራሱ ያደርገዋል፤ ቋንቋ ያስተማርነው ልጅ በቋንቋው መልሶ ይሞግተናል። የሰጠነው ነገር በእጁ ይቀራል። ለፎቶግራፍ ብቻ ያለበስነው ልብስ ግን በእጁ የሚያስቀረው ምንድን ነው? ካንት ሰውን ለሌላ ጉዳይ መሣሪያ ብቻ አድርገን እንዳንይዘው፣ ምንጊዜም ራሱ ግብ መሆኑን እንዳንረሳ ሲያስተምር ሕፃናትን አልለየም። ልጅ የሳሎን ጌጥ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ከመጋረጃው ጋር፣ ከሶፋው ጋር፣ ከእናቱ ጫማ ጋር እንዲሄድ የሚለብስበት ጊዜ አለ።

ያ ጊዜ መድረሱን የሚነግረን ምልክት ደግሞ አያሻማም። ልጁ ሲያለቅስ የሚሆነውን መመልከት ነው። ልብሱ ሲያሳክከው፣ አንገቱን ሲያንቀው፣ እንቅልፉ ሲመጣ «እንግዲህ ይብቃን» የሚል ቤተሰብ አለ። «ሳቅ!» እያለ ካሜራው በማያየው በኩል የሚቆነጥጥም ቤተሰብ አለ። ከሁለተኛው ቤት የሚወጣው ፎቶግራፍ ምናልባት የተሻለ ያምር ይሆናል። ልጁ ግን አድጎ ያንን ፎቶግራፍ ሲያይ ቁንጥጫው ያረፈበትን ቦታ ያስታውሳል።

ደግሞም መመሳሰል ሁሉ ከላይ የተጫነ አይደለም። የአራት ዓመት ልጅ «እንደ ጋሼ አልብሱኝ» ብሎ ሲያለቅስ ያላየ የለም። ታላቁ የለበሰውን መልበስ ለእርሱ ሹመት ነው። የመጨረሻው የሩሲያ ንጉሥ የዳግማዊ ኒኮላስ አራት ሴቶች ልጆች፣ ኦልጋ፣ ታቲያና፣ ማሪያና አናስታሲያ፣ አንድ ዓይነት ነጭ ቀሚስ ለብሰው የተነሡት ፎቶግራፍ ብዙ ነው። ሁለቱ ታላላቆች እንደ አንድ ጥንድ፣ ሁለቱ ታናናሾች እንደ ሌላ ጥንድ ይታዩ ነበር። ያለበሳቸው ወላጅ ነው። ነገር ግን የአራቱንም ስም የመጀመሪያ ፊደል ገጣጥመው በአንድ ስም ደብዳቤ መፈረም የጀመሩት እነርሱ ራሳቸው ነበሩ። ከውጭ የተሰጣቸውን መመሳሰል ከውስጥ ፍቅር አደረጉት ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1918 ከወላጆቻቸውና ከወንድማቸው ጋር ባንድ ምድር ቤት ተገደሉ። ዛሬ ፎቶግራፎቻቸውን የሚያይ ሰው የትኛዋ የትኛዋ እንደሆነች ለመለየት ፊታቸውን አንድ በአንድ ይመረምራል። ቀሚሱ ያዋሐዳቸውን ፊታቸው ይለያቸዋል። ልብስ ቢመሳሰል የሚጠፋው ሰው እንዳልሆነ፣ የሚጠፋው ፊቱን የሚመለከትለት ሲያጣ መሆኑን ከዚህ መረዳት ይቻላል።

*

እስካሁን የተናገርሁት ልብሱን ስለለበሱት ነው። የጥያቄው ከባዱ ክፍል ግን ልብሱን ስላልለበሱት ነው።

አንድ ዓይነት ልብስ አንድ የሚያደርግ ይመስለናል። አንድ ያደርጋል፤ ይህንኑ ሲያደርግ ድንበርም ያሠምራል። ልብስ ሰፊው ልክ ሲወስድ ማን ተጠርቶ ማን ሳይጠራ ይቀራል? በብዙ ቤቶቻችን ለትምህርት ተብላ ከገጠር የመጣች የዘመድ ልጅ አለች። አሥራ ሁለት ወይም አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው። የቤቱ ልጆች «እማዬ» እና «አባዬ» ሲሉ እርሷ «እትዬ» እና «ጋሼ» ትላለች። የበዓል ዕለት ልጆቹን ያጠበቻቸው፣ ቁልፋቸውን የቆለፈችላቸው፣ የጫማቸውን ክር ያሰረችላቸው እርሷ ናት። የትንሹን ንፍጥ የጠረገችውም እርሷ ናት። ሁሉም በየቦታው ከቆመ በኋላ ስልኩ ይሰጣትና «ነይ እስቲ አንሺን» ትባላለች። ሥዕሉን ያየ ሁሉ የቤተሰቡን ቁጥር ይቆጥራል፤ ያነሣችውን አይቆጥርም። በደግነት የተላከ ትእዛዝ ነው፤ ማንም ሊያዋርዳት አላሰበም። እርሷ ግን በዚያች ቅጽበት፣ በስልኩ መስታወት ውስጥ፣ የቤቱን ድንበር ጥርት አድርጋ ታያለች። ጥለቱ የት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ የሚታየው ከእርሷ ቦታ ነው።

በፎቶግራፍ ጥንተ ታሪክ ውስጥ ከዚህ ጋር የሚመሳሰል ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ1839 የዳጌር ፈጠራ ለዓለም በተገለጠበት ዘመንና ከዚያም በኋላ ለብዙ ጊዜ አንድ ሥዕል ለማንሣት ረጅም ጊዜ ሳይንቀሳቀሱ መቆየት ያስፈልግ ነበር። ትልቅ ሰው አንገቱን ከኋላ በብረት ተደግፎ ይቀመጣል። ሕፃን ግን አይቀመጥም። ስለዚህ በእንግሊዝና በአሜሪካ እናትየው ወይም ሞግዚቷ ከራሷ እስከ እግሯ በጨርቅ ተሸፍና፣ ወንበር ወይም መጋረጃ መስላ፣ ሕፃኑን ከኋላ ትይዘው ነበር። ዛሬ እነዚያን ሥዕሎች ስናይ ሕፃኑ ያጌጠ ልብስ ለብሶ ተቀምጧል፤ ከኋላው ጨርቅ የለበሰ የሰው ቅርጽ አለ፤ ሁለት እጆች ብቻ ብቅ ብለዋል። አንዱ ጨርቅ እንዲታይ የተሰፋ ነው፤ ሌላው ጨርቅ እንዳይታይ የተጣለ ነው። በእኛ ሳሎን የተሸፈነች ሴት የለችም፤ ከስልኩ በስተጀርባ የቆመች ልጅ ግን አለች።

«እንግዲያው እርሷንም ማልበስ ነው፤ ምን ችግር አለው?» ሊባል ይችላል። ችግር የለውም፤ ግን አይበቃም። ዓመቱን ሙሉ ማድ ቤት ብቻዋን የምትበላ ልጅ ለአንድ ቀን ጥለት ለብሳ መካከል ብትቆም፣ ቅድም ውሸት አይደለም ያልሁት ፎቶግራፍ ያን ጊዜ ውሸት ይሆናል። የተዋሰው ኮት ማንንም አላታለለም ነበር፤ ይህ ግን እርሷን ራሷን ያታልላል። በኦሮሞ የጉዲፈቻ ሥርዓት የተወሰደ ልጅ ከአብራክ ልጅ የማያንስ መብት አለው። ይህ ሥርዓት የተከበረው ልጁ በመጣ ዕለት በሚደረግለት አቀባበል አይደለም፤ ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት በማዕዱም፣ በርስቱም፣ በስሙም ከልጆቹ እኩል ስለሚቆጠር ነው። ስለዚህ አንድ ዓይነት ልብስ ለእኔ እንደ ቃል ኪዳን ነው። ከአንድ ጣቃ ያለበስናቸውን ከአንድ ማዕድ ልናበላቸው፣ ከአንድ ትምህርት ቤት ልናውላቸው፣ ሲያማቸው አንድ ዓይነት ልንደነግጥላቸው ቃል ገብተናል። ፎቶግራፉ እውነት ወይም ውሸት የሚሆነው በተነሣበት ቀን አይደለም። ከዚያ ወዲያ ባሉት ተራ ቀኖች ነው።

ይህንን የሚያሳይ ሌላ ፎቶግራፍ አለ፤ እርሱም በዘመናችን እየበዛ የመጣ ነው። እናት ለሥራ ወደ ዓረብ አገር ሄዳለች፤ ቤይሩት ወይም ሪያድ ወይም ዱባይ ናት። ለልጆቿ አንድ ዓይነት ልብስ ገዝታ፣ ወደ አገር በሚመለስ ሰው ትልካለች። አያት ልጆቹን ታለብሳቸውና አቁማ ታስነሣቸዋለች፤ ሥዕሉ ለእናታቸው ይላካል። በዚያ ሥዕል ላይ እጅጌው ሁሌም ያጥራል፤ ሱሪው ከቁርጭምጭሚት በላይ ይቀራል። እናት ልባቸውን ይዛ ሄዳለች፤ ልካቸውን ግን ይዛ የሄደችው የዛሬ ሁለትና ሦስት ዓመቱን ነው። ልጆቹ ባላየቻቸው ጊዜ አድገዋል። ማንም ፎቶግራፍ አዋቂ ይህን ሥዕል «አምሯል» አይለውም። እኔ ግን አመሳስሎ ማልበስ ምን ማለት እንደሆነ ከዚህ የበለጠ የሚናገር ሥዕል አላውቅም። የእናትየው ድካም፣ ርቀቷ፣ ማንንም ላለማስበለጥ የወሰደችው ጥንቃቄ፣ ሁሉም በዚያ ባጠረ እጅጌ ላይ አለ። እርሷ ራሷ ደግሞ በዚያው ሰዓት በሌላ ሰው ቤት የሌላ ሰው ልጆች ተመሳስለው ሲነሡ ስልኩን የያዘችው ልትሆን ትችላለች።

*

አንድ ነገር ቀርቷል፤ እርሱም የፎቶግራፉ ዕድሜ ነው። ልጆቹ ልብሱን በአንድ ዓመት ይጥሉታል፤ ሥዕሉ ግን ከእኛም ከእነርሱም ይሰነብታል። ድሮ አልበም ውስጥ ይቀመጥ ስለነበር የሚያየው እንግዳ ቡናው እስኪፈላ ሲያገላብጥ ነበር። ዛሬ በተነሣ በደቂቃው በፌስቡክና በቴሌግራም ይለቀቃል፤ ልጁ አድጎ «ይህን አንሡልኝ» ቢል እንኳ የተበተነውን የሚሰበስብለት የለም። ስለዚህ ቅድም «ማንን ያገለግላል?» ያልነው ጥያቄ ከቤታችን ወጥቶ ወደማናውቃቸው ሰዎች ዓይን ሄዷል። ልጃችን እያማረ ያለው ለአክስቱ ነው ወይስ ለማያውቀን መንገደኛ?

ሌላም የማንናገረው ነገር አለ። በእኛ ሀገር ለቅሶ ላይ የሟች ፎቶግራፍ ይያዛል። ሰው በድንገት ሲሞት የሚፈለገው ሥዕል ብዙ ጊዜ ከቤተሰቡ ፎቶግራፍ ላይ ተቆርጦ የሚወጣ ነው። ያን ጊዜ ከጎኑ የነበረው ሰው ትከሻ ብቻ ይቀራል። ጥለቱ ከግማሽ ላይ ይቆረጣል። ለቀስተኛው ያንን ትከሻ አይቶ የማን መሆኑን ያውቃል፤ ልብሱ አንድ ነበርና። ለበዓል ብለን የመረጥነው ልብስ ለምን ቀን እንደሚውል አናውቅም። ይህን ሳስብ አንዱ ልጅ ከረባቱ ቢጠምም፣ ሌላው ፊቱን ቢያዞር፣ አንዷ «እኔ ቢጫውን ካልለበስሁ» ብላ ቢጫ ለብሳ ብትቆም እምብዛም የሚያስቆጣ አይመስለኝም። ከዓመታት በኋላ ሥዕሉን የሚይዝ ሰው በጣቱ የሚነካው ያቺን ቢጫ ነው። «ይቺ እኮ እንዲህ ነበረች» የሚለው በእርሷ ነው።

እንግዲህ አመሳስላችሁ አታልብሱ አልልም። ከአንድ ጣቃ መልበስ ጥሩ ነው፤ ፍትሕ አለበት፤ ክብርም አለበት። ልክ ከመወሰዱ በፊት ግን ሦስት ነገር መጠየቅ ይገባል። በዚህ ቤት «ልጅ» የሚባለው ሁሉ ተጠርቷል? የተጠራውስ «አልፈልግም» ቢል የሚሰማው አለ? ቃል የምንገባበትን ይህን ጥለት ከነገ ጀምሮ በማዕዱ ላይ ልንደግመው ተዘጋጅተናል? ለእነዚህ መልስ ያለው ቤተሰብ ቢመሳሰልም ባይመሳሰልም ያምርበታል። መልስ የሌለው ግን ፎቶ አንሺውን ከመጥራቱ በፊት፣ ስልኩን ይዛ የቆመችውን ልጅ «ነይ፣ አንቺም ግቢ» ይበላት። ስልኩን የሚይዝ ሰው ከጎረቤት አይጠፋም።